የእንግሊዝኛ ክበብ ዘንድሮ፦ ዓመቱን ሙሉ «ራን»

የእንግሊዝኛ ክበብ ምን ሲሠራ ከረመ ለምትሉ፣ አንድ ቃል ስናሳድድ ነው የከረምነው፣ «ራን» (run)። አዎ ያ ኬጂ እያላችሁ መሮጥ ነው ተብላችሁ የተማራችሁት።

ልጆቻችን ለማትሪክ ብለው ከባድ ከባዱን ቮካቡላሪ ይሸመድዳሉ፣ ትንንሿ ቃል ላይ ሲደርሱ ግን ጉድ ይፈላል። አንዱ አስራ አንደኛ ክፍል ፋሲል ግቢ በር ላይ ቱሪስቱ «ራን አውት ኦፍ ካሽ» ሲለው ብሩን ይዞ የሮጠ ሌባ ያለ መስሎት ፖሊስ ሊጠራ ነበር፣ ሰውየው ለካ ብር አልቆበት ኤቲኤም ነው የሚፈልገው።

ከዛ ረቡዕ ረቡዕ ሁሉም የየራሱን ትርጉም ይዞ ይመጣል፣ ማዳበሪያ ዘርግተን በማርከር እየጻፍን ላይብረሪ ሰቀልነው። ወንዝ ራን ያረጋል፣ አፍንጫም ራን ያረጋል (ያመጣችው ልጅ ጉንፋን ይዟት ስለነበር በተግባር ነው ያስረዳችን)፣ ልብስ ታጥቦ ቀለሙ ሲለቅ ራን ነው፣ ሱቅ ማስተዳደርም ራን ነው፣ ክሪኬት ላይ ደሞ ነጥቡ ራሱ ራን ይባላል። ምርጫ የሚወዳደረውን አሜሪካኖቹ «ራን» አደረገ ሲሉ እንግሊዞቹ «ስታንድ» ነው የሚሉት፣ አንዱ አገር እየሮጡ አንዱ አገር ቆመው ነው ወንበሩን የሚፈልጉት ማለት ነው።

የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ላይ በትርጉም ብዛት ድሮ አንደኛ የነበረው «ሴት» (set) የሚባለው ግስ ነው (ይሄን ስጠራ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፣ ምን ላርግ አጠራሩ ነው)፣ እ.ኤ.አ. በ1989ኙ እትም 430 ገደማ ትርጉም ነበረው። አሁን ራን 645 ትርጉም ይዞ በልጦታል፣ አዘጋጁ ፒተር ጊሊቨር ለሱ ብቻ 9 ወር ፈጅቶበታል። 9 ወር ስል ከኋላ ወንበር የተባለውን እዚህ አልጽፍም። ባቡሩም ማሽኑም ኮምፒውተሩም ሲመጣ የሚሠራ ነገር ሁሉ ራን እየተባለ ነው እንዲህ የበዛው።

በጣም የወደድኩት ግን አንድ ዘጠነኛ ክፍል «ቲቸር የኛስ በላ?» ያለ ቀን ነው። በቃ ክፍሉ ተናወጠ፣ መኪና ነዳጅ ይበላል፣ የአዘዞ ዳገት ጉልበት ይበላል፣ ስልክ ካርድ ይበላል፣ ጀርባዬን በላኝ፣ ቃሉን በላ፣ የሰው ገንዘብ በላ፣ ደወል ተደውሎ እንኳ የሚወጣ ጠፋ። ሌላ ማዳበሪያ ፈልገን እሱንም ጻፍነው፣ በሚኒ ሚዲያም ለሁለት እረፍት አነበቡት።

ለከርሞ ቃላችን «ጌት» (get) ነው፣ ምዝገባ መስከረም ላይ ላይብረሪ፣ ማርከር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።