በአያት ዳር የሰማሁት ሮክ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው ቅዳሜ ምሽት ከአያት አደባባይ ወረድ ብላ በምትገኝ፣ ስልሳ ሰው እንኳ በቅጡ በማትይዝ አዳራሽ አምስት ወጣቶች ያቀረቡትን የሮክ ሙዚቃ ከተከታተልሁ በኋላ፣ ያየሁትን ለአንባቢዎችዎ ሳላካፍል መቅረት አልሆነልኝም። ከሁሉ የማረከኝ ሊድ ጊታሪስቱ (ዋናውን የጊታር ዜማ የሚጫወተው) ከአገራችን ቅኝቶች አንዱ በሆነው በአንቺሆዬ የጀመረውን ዜማ በዲስቶርሽን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ በሚያጎረብጥ የኤሌክትሪክ ስልት፣ እያሻከረ እንደ ማሲንቆ ሲያስለቅሰው ነው፤ ክሩን በጣቱ ገፍቶ ድምፁን ቀስ አድርጎ ሲያወጣው፣ አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት “እሰይ!” ሲሉ ሰማኋቸው። መሐል ላይ መብራት ሲጠፋ ጊታሮቹ ጸጥ ቢሉም፣ ድራም መቺው ምቱን ሳያቋርጥ ቀጠለ፤ ታዳሚውም መብራቱ እስኪመለስ ድረስ በጭብጨባ አጀበው።

ጃኖ ባንድ ሮክን ከአገራችን ቅኝቶች ጋር አዋህዶ ሲነሣ ብዙዎቻችን መንገዱ ተከፈተ ብለን ነበር፤ እነዚህ ልጆች በዚያው መንገድ የራሳቸውን ዱካ እየተዉ ነው ብዬ አምናለሁ። ድምፃዊቱ ግን ከጊታሮቹ ጩኸት በታች ስለተዋጠች ግጥሞቹን በሚገባ ለመስማት አልቻልንም፤ ይህ የችሎታ ሳይሆን የድምፅ ባለሙያ እጦት ነው። የጥበብ ዓምድ ጋዜጠኞችዎ ከቦሌና ከፒያሳ ወጣ ብለው እንዲህ ያሉትን መድረኮች እንዲጎበኙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢዎ ከአያት