ለልጄ፦ ሽማግሌ ፊት ከመቀመጥሽ በፊት

የኔ ዓለም፣

«ላንታረቅ ሽማግሌ ምን ያደርግልናል?» ያልሽኝን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ሳብሰለስለው አመሸሁ። ይህን የምጽፍልሽ ውሳኔሽን ላስለውጥሽ ብዬ አይደለም። ትዳሩ ባይተርፍም ሽማግሌ የሚያተርፈው ብዙ ነገር ስላለ ነው።

በቤተሰብ ችሎት ጸሐፊነት ስሠራ የማይረሳኝ አንድ የፍቺ ስምምነት አለ። ማቀዝቀዣው፣ ቡፌው፣ ምንጣፉ፣ የቡና ሲኒው ሳይቀር ለማን እንደሚደርስ በዝርዝር ተጽፏል። ስለ ልጆቹ ግን አንድ መስመር ብቻ፦ «ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይኖራሉ።» ዳኛዋ መስመሯን በእስክሪብቶ ጫፍ ነክተው «ቅዳሜና እሑድ የት ያድራሉ? መስከረም ላይ የትምህርት ቤቱን ማን ይከፍላል? ሌሊት ቢታመሙ አባታቸው ይጠራል?» ብለው ጠየቁ። ሁለቱም አቀረቀሩ። ስምምነቱ የልጆቹን ደኅንነት በበቂ ካልጠበቀ ፍርድ ቤት እንዳለ አያጸድቀውምና ሄደው እንደገና ተነጋገሩ።

እናንተ ከልጆቹ ጀምሩ። ቀለቡ በየወሩ በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ ሳይቀር ይጻፍ። የፋሲካና የገና ውሎ ይጻፍ። ዛሬ ትንሽ የሚመስላችሁ ነገር ነው ነገ የሚያጣላችሁ።

ሕጉን በአጭሩ ልንገርሽ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በስምምነት ከተፋታችሁ ምክንያታችሁን የመናገር ግዴታ የለባችሁም፤ ገመናችሁ አደባባይ አይወጣም። ዳኛው አንድ ላይ ወይም ለየብቻ ያነጋግራችኋል፤ ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜም ሊሰጣችሁ ይችላል። አንዳችሁ ብቻ ብታመለክቱ ደግሞ፣ ዳኛው አነጋግሯችሁ ካልተግባባችሁ በመረጣችኋቸው ሽማግሌዎች እንድትነጋገሩ ሊመራችሁ ይችላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ የቤተ ዘመድ ዳኞች ፍቺውን ራሳቸው ይወስኑ ነበር። ዛሬ ግን ሽማግሌ ያግባባል እንጂ አያፋታም። በቃል ተስማምታችሁ ብትለያዩ ፍርድ ቤት እስኪወስን ድረስ በሕግ ባልና ሚስት ናችሁ።

ኮንዶሚኒየሙ በባልሽ ስም ስለሆነ ተስፋ እንደቆረጥሽ ከድምፅሽ ገብቶኛል። በአንዳችሁ ስም ቢመዘገብም፣ የግሉ መሆኑን ካላስረዳ በቀር ንብረቱ የጋራ ነው የሚባለው። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሲለምኑሽ «ይቅርብኝ» ማለት እንደሚቀናሽ አውቃለሁ። እባክሽ በይሉኝታ አትፈርሚ። የልጆችሽ መጠለያም እኮ ነው።

አጎትሽን ሽማግሌ አታድርጊው። እወደዋለሁ፤ ግን የሚመጣው ሊሟገትልሽ እንጂ ሊያዳምጥ አይደለም። ከባልሽ ወገንም እንዲህ ያለ ሰው እንዳይመጣ ቀድመሽ ተነጋገሪ። ሁለታችሁም የምታምኑት ሰው ከጠፋ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን፣ ማለትም በፍርድ ቤቱ አስማሚ አማካይነት መነጋገርን፣ አምጥቷል። እኔ ይህን አስበልጣለሁ፤ አስማሚው የማንም ዘመድ ስላልሆነ የምታፍሪው ሰው አይኖርም፤ ሳይዋጥልሽም አትፈርሚም። ባትስማሙ ጉዳዩ ወደ ዳኛው ይመለሳል እንጂ የሚቀርብሽ መብት የለም።

አንድ ነገር ግን አለ፤ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። ባልሽ እጁን አንሥቶብሽ እያለ ሸሽገሽኝ ከሆነ፣ ሽምግልናው ይቅር። ከምትፈሪው ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ስለ ድርሻሽ ልትከራከሪ አትችይም። ንገሪኝ፤ በቀጥታ ፍርድ ቤት አብረን እንሄዳለን።

ቅዳሜ ስትመጪ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የቤቱን ውል ይዘሽ ነይ፤ ረቂቁን አብረን እናዘጋጃለን። ሽማግሌ ፊት በምትቀመጡበት ቀን ልጆቹ እዚህ ፒያሳ እኔ ዘንድ ይዋሉ። ማታ አባታቸውም መጥቶ ሊያያቸው እንደሚችል ንገሪው።

እናትሽ