የእንግዳ ስም ከነጭረቱ ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። ብዙዎቹ እንግዶቼ ከስፔንና ከላቲን አሜሪካ የሚመጡ ናቸው። ጥምቀት ሲቃረብ ኢሜይል እመልሳለሁ፣ የጉዞ ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ አዘዞ ኤርፖርት ይዤው የምቆመውን የስም ወረቀት አሳትማለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ የስም ወረቀት ነው።

በከተማችን ብሮሹሮች፣ ባነሮችና የሆቴል መዝገቦች ላይ የስፓኒሽ ስሞች ከፊደሉ በላይ የሚቀመጠው ምልክታቸው ተገፍፎ ነው የሚወጡት። ለምን ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «ኪቦርዱ ላይ የለም እኮ!» ምልክቱ ግን አለ። ኪቦርዱ ላይ ተስሎ አይታይም እንጂ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ኤኜ (ñ) የሚሏት ፊደል ስትቀር ነው። ኤኜ የእኛዋ ኘ ማለት ናት። ድምፁ ያው ነው፣ አሠራሩም ይመሳሰላል። እኛ ነ ላይ ጭረት ጨምረን ኘን አገኘን። እነሱም ኤን (n) ላይ የምትጥመዘመዝ ትንሽ ጭረት አስቀመጡ። የድሮ ጸሐፊዎቻቸው ሁለት ኤን ሲደጋገምባቸው ቦታና ጊዜ ለመቆጠብ አንዱን አሳንሰው ከላይ ይጽፉት ነበር፤ ጭረቷ ከዚያ መጣች። የብራና ጽሑፍ ለሚያውቅ የጎንደር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዳኛቸው የሚባል ሰው «ዳናቸው» ተብሎ ቢጻፍበት ዝም ይላል?

ስፔኖች ለዚህች ፊደል ተሟግተዋል። በ1991 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ማኅበረሰብ፣ ኤኜ የሌለው ኪቦርድ ስፔን ውስጥ እንዳይሸጥ የሚከለክለው ደንብ ንግድ ያደናቅፋል ብሎ እንዲነሣ ጠየቀ። ስፔን እምቢ አለች። በ1993 ፊደሏን በሕግ አስከበረች።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1618 እ.ኤ.አ. ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ግሽ ዓባይን ያየው ካቶሊካዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ (Páez) ስፔናዊ ነው። በ1622 ያረፈውም እዚሁ ጎርጎራ ነው። እንግዶቼ ጎርጎራን ማየት የሚፈልጉት በእሱ ምክንያት ነው። ፓኤዝ የሚለው ስም መጀመሪያ፣ «ፓ» ላይ፣ ጭረት አለች። እሷ ከሌለች ስፔናዊ አንባቢ ድምፁን መጨረሻው ላይ ያጎላዋል፤ ስሙ ሌላ ይሆናል። በትልልቅ ፊደል ሲጻፍ ጭረት አያስፈልግም የሚሉም አሉ። ልክ አይደለም። የስፓኒሽ የአጻጻፍ ሥርዓት ትልቁም ፊደል ጭረቱን እንዲይዝ ያዛል። ባነር ደግሞ ብዙ ጊዜ በትልልቅ ፊደል ነው የሚታተመው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የቁጥር ሰሌዳ በቀኝ በኩል ያለው ኪቦርድ ከሆነ ናም ሎክን አብርቶ፣ አልትን ተጭኖ ይዞ፣ በዚያው ሰሌዳ 164 መጻፍ ነው፤ ኤኜ ትመጣለች። ትልቋ 165 ናት። ጭረት ላለባቸው ትንንሽ ፊደላት ደግሞ አ (á) 160፣ ኤ (é) 130፣ ኢ (í) 161፣ ኦ (ó) 162፣ ኡ (ú) 163። ስፓኒሽ ጥያቄን በተገለበጠ ምልክት ነው የሚጀምረው፤ እሱ 168 ነው። የተገለበጠው ቃለ አጋኖ 173። ይህን ወረቀት ላይ ጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ መለጠፍ ይበቃል።

ላፕቶፕ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የቁጥር ሰሌዳው የለም። እኔ የምወደው መንገድ ለላፕቶፕም ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ከቋንቋ ማስተካከያው ገብቶ፣ እንግሊዝኛው ሥር «ዩናይትድ ስቴትስ ኢንተርናሽናል» የሚለውን ኪቦርድ መጨመር ነው። ከዚያ በቀኝ ያለውን አልት ይዞ ኤንን ሲጫኑ ኤኜ፣ አናባቢ ሲጫኑ ጭረት ያላት አናባቢ ትመጣለች። ሺፍት ሲጨመር ትልቅ ትሆናለች። የጽሕፈት ቤት ልጆች ይህን ኪቦርድ የሚጠሉት እንግሊዝኛ ሲጽፉ ነጠላ ጥቅሷ ወዲያው ስለማትወጣ ነው። መፍትሔ አለው። ከጥቅሷ በኋላ ስፔስ መጫን፣ ወይም የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ በስፔስ ወደ ድሮው ኪቦርድ መመለስ። ስልክ ላይማ ፊደሉን ጫን አድርጎ መያዝ ብቻ ነው።

እናንተም ብትሆኑ የስፓኒሽ ስም በላቲን ፊደል ስታትሙ፣ የጉዞ ማስታወቂያም ሲሆን፣ ምልክቶቹ በቦታቸው መኖራቸውን እንድታዩልኝ እለምናለሁ። ረጅም መንገድ ተጉዞ ለመጣ ሰው ገና ከአውሮፕላን ሲወርድ ስሙን በትክክል ተጽፎ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ፊቱ ላይ ስለማየው ነው የምናገረው።

ፒያሳ አካባቢ ያላችሁ የጽሕፈትና የኅትመት ቤቶች፣ ማስተካከሉን ከፈለጋችሁ ማታ ከሥራ በኋላ መጥቼ እሠራላችኋለሁ። ክፍያ አልጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር
የስፓኒሽ አስጎብኚ፣ ከጎንደር