ለእታለም፣ የእግርሽን ነገር ሰምቼ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ቤቱስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ከሁሉ በፊት የማልዘለው ነገር አለ። እናትሽን፣ እማማን፣ ሳልቀብር ቀረሁ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ስልኩም አይሠራም። መርዶው የደረሰኝ አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። ያን ቀን ነጠላዬን አዘቅዝቄ ግቢዬ ውስጥ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ስልኩ ሲመለስ ልደውል አልኩ። ደግሞ «ከአርባ በኋላ ምን ብዬ?» አልኩ። ባፈርኩ ቁጥር ዘገየሁ፣ በዘገየሁ ቁጥር የባሰ አፈርኩ። እንዲህ እያልኩ ዓመቱ አለፈ። ተማሪ ሳለን ለአንቺ የቆረሱትን እንጀራ ለእኔም የሚቆርሱ እናት ነበሩ። የእናት ልቅሶ ሳልደርስ ቀርቼ ነው የምጽፍልሽ። ይቅር በዪኝ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ዛሬ ብዕር ያስያዘችኝ ልጅሽ ናት። ባለፈው እሑድ ቤት መጥታ ነበር። እንዴት አድጋለች! ቁርጥ አንቺን። ቡና ስናፈላ ስለ አንቺ ጠየቅኳት። መጀመሪያ «ደኅና ናት» አለችኝ። ቆየት ብላ ግን «እማዬ ማታ ማታ እግሯን ግድግዳ ላይ ደግፋ ነው የምትተኛው፤ ካልሲዋን ስታወልቅ ምልክቱ እግሯ ላይ ሰርጉዶ ይቀራል» አለችኝ። ወዲያው ደግሞ «ለሰው እንዳትነግሪ ብላኛለች» ብላ ደነገጠች። አደራሽን እንዳትቆጫት። የነገረችኝ አንድ በአንድ የእኔ የራሴ እግር ታሪክ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አንቺ አላየሽውም እንጂ እኔም ታምሜ ነበር። ሦስተኛ ልጄን ስወልድ ከጉልበቴ ኋላ አረንጓዴ ገመድ የመሰለ ደም ሥር ወጣ። «ከወሊድ ነው፣ ይጠፋል» ብዬ ተውኩት። አልጠፋም። 23 ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜያለሁ፤ አንቺ ምጣድ ፊት እንደቆምሽው ማለት ነው። ማታ እግሬ ድንጋይ የታሰረበት ያህል ይከብደኛል። ጠዋት ይሻለዋል፤ ከሰዓት በኋላ ያብጣል። ከዚያ ማሳከክ መጣ። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ቆዳዬ መጥቆር ጀመረ። አንድ ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ አክኬው ትንሽ ቆሰለ። ያቺ የጥፍር ታክል ቁስል አምስት ወር ሙሉ አልድን አለች።

በዚያ መሃል ያልሞከርኩት የለም። አንዷ ጎረቤት «ምች ነው» አለችኝ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ቀሚሴን ገልጦ ሳያይ የሕመም ማስታገሻ ጽፎ ሸኘኝ። ቀጥሎ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ባቴን በቅቤ አሸኝ፣ አሸኝ፤ ሌሊቱን ሳላሸልብ አደርኩ። ኋላ ሐኪሙ ይህን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ካለ ማሸት ከቦታው ሊያነቃንቀው ይችላል አለኝ። ከተነቃነቀ ወደ ሳንባ ይሄዳል፤ ሰው ይሞትበታል። እታለም፣ እባክሽ ያን ባትሽን ለማንም አታሳሺ። ዋግምትም አታስነቅዪበት።

ነገሩን እንዲህ ነው ያስረዳኝ። ልብ ደሙን ወደ እግር ትገፋዋለች። መመለሱ ነው አስቸጋሪው፤ ሽቅብ ነዋ! የሚመልሱት ሥሮች የደም መልስ ይባላሉ። ውስጣቸው ትንንሽ በሮች አሉ፤ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈቱ። ስንራመድ የባታችን ጡንቻ ሥሩን ጨመቅ ያደርገዋል፤ ደሙ በበሮቹ አልፎ ሽቅብ ይወጣል። ጡንቻው ላላ ሲል በሮቹ ገጥመው ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዙታል። ጨራጨራ ላይ የጣናን ውኃ የሚይዙትን በሮች አብረን ሄደን አይተን የለ? በሩ ካልገጠመ ውኃው ያመልጣል። በእግራችንም በሮቹ ሲላሉ ደሙ ቁልቁል ተመልሶ ይጠራቀማል። ሥሩ ይለጠጣል፣ ይጣመማል፣ እግር ያብጣል። አንድ ቦታ ተገትሮ መቆም የሚጎዳው ለዚህ ነው። ቆመሽ ባትሽ አይሠራም። ሳትነሺ ብዙ ሰዓት መቀመጥም ያው ነው። ሙቀት ደግሞ ሥሩን ያሰፋዋል፤ የምጣዱ እሳት እያለ አንቺ ላይ ቢብስ አይገርመኝም። እርግዝና፣ ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ዘርም አለበት። እማማ ሁልጊዜ እግራቸውን በመቀነት ጠቅልለው እንደሚያስሩ ትዝ አለሽ? እኔ አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ምናልባት እሳቸውም ይኸው ነበረባቸው።

የላላው በር ራሱን አይጠግንም። ይህን መስማት ከብዶኝ ነበር። ግን ብዙ የሚደረግ ነገር አለ። ቁስሌን በየሳምንቱ እያጸዱ ከጣቴ እስከ ጉልበቴ ጠበቅ ባለ ፋሻ ጠቀለሉት። ፋሻው በተጀመረ በአራተኛው ወር ገጠመ። የተበላሸውን ሥር በመርፌ፣ በሌዘር ወይም በቀዶ ጥገና የሚዘጉበትም መንገድ አለ፤ ደሙ በሌሎቹ ጤነኛ ሥሮች ይሄዳል። ለእኔ እስካሁን አላስፈለገም። የቀረው የየቀኑ ሥራ ነው። አሁን አሁን ያን ሥራ እወደዋለሁ።

ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ፣ እግሬ ሳያብጥ፣ እግሬን ጠበቅ አድርጎ የሚይዘውን ረጅም ካልሲ እለብሳለሁ። በዚህ በባሕር ዳር ሙቀት ሲከብድ ታውቂዋለሽ። መጀመሪያ ሳምንት አልቅሼበታለሁ። አሁን ሳልለብሰው ከዋልኩ እግሬ ራሱ ይጠይቀኛል። ማታ ስተኛ አወልቀዋለሁ፤ ጋቢ አጣጥፌ ከእግሬ ሥር አደርጋለሁ። ቀን ሲመቸኝ ሩብ ሰዓት ያህል ጋደም ብዬ እግሬን ከልቤ በላይ ከፍ አደርጋለሁ። ወጥ ላይ ጨው ቀንሻለሁ። የጾሙን ጎመንና ምስር፣ ተልባውንም አበዛለሁ፤ ሆድ ሲደርቅና ሰው ሲያምጥ ጫናው እግር ድረስ ይወርዳል።

ክፍል ውስጥ ደግሞ አዲስ ነገር አምጥቻለሁ። በየክፍለ ጊዜው መሃል «ተረከዝ አንሱ!» እላለሁ። ስልሳ ልጅ በአንዴ በጣቱ ይቆማል። «አንድ! ሁለት! ሦስት!» ሃያ እስኪሞላ ጣሪያው ይናጋል። እኔም አብሬያቸው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ከርሞ የተመለሱ ልጆች ናቸው። ያኔ ዝም ያሉ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጡ ልጆች ነበሩ። አሁን እኔ ስረሳ «ቲቸር፣ ተረከዝ!» ይሉኛል። ያን ድምፅ ስሰማ ምን እንደሚሰማኝ ልነግርሽ አልችልም።

ቤተ ክርስቲያን መቆሙ ነው ያስጨነቀኝ። ቅዳሴ ላይ መቀመጥ ነውር መስሎኝ፣ ከምቀመጥ ብዬ መቅረት ጀምሬ ነበር። የንስሐ አባቴ ሰምተው ተቆጡኝ። «የታመመ ቢቀመጥ ማን ከለከለው? መቅረትሽ ነው ኃጢአቱ» አሉኝ። አሁን ወንጌል ሲነበብ እቆማለሁ፤ ሌላውን ጊዜ ቁጭ ብድግ እላለሁ። ስቆምም መቋሚያዬን ተደግፌ ክብደቴን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛውራለሁ።

ቡና ላይም እንዲሁ። በሰው ፊት እግር መስቀል እኛ አገር እንዴት ይታሰባል? እናም እየታመምኩ አጥፌ እቀመጥ ነበር። ጎረቤታችን እማሆይ አንድ ቀን አዩኝ። ከቤታቸው ትራስ አምጥተው ዱካ ላይ አነጠፉልኝና «ልጄ፣ ስቀዪው! አንቺ ካልቆምሽ እኔን ማን ይቀብረኛል?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አቦልም ቶናም በረካም እግሬን ሰቅዬ ነው የምጠጣው። ማንም ምንም አላለኝም። ለካ ሌላዋም ሴት እግሯን ታሟት ኖሯል። አሁን ትራሱ ሦስት ሆኗል።

ዋናው መድኃኒቴ ግን እርምጃ ነው። ከተማው ሰላም ሲሆን ጠዋት ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። ደንገል የጫኑ ታንኳዎች ይመጣሉ። ይብራዎቹ ውኃው ላይ ተሰልፈዋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ እስከ አዲሱ የዓባይ ድልድይ እንሄዳለን። በ2016 ግንቦት የተመረቀው ነው፤ አንቺ ገና አልተሻገርሽበትም። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው። ደርሶ መልስ 760። ሁለት ጊዜ ስንመላለስ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል አለፍን ማለት ነው። ሐኪሙ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል ብሎኛል። እኛ እናልፈዋለን።

መውጣት በማይቻልበት ጊዜም ነበር። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እናንተ ጋ ብሶ እንደነበር ሰምቻለሁ። ተኩስ እየተሰማ፣ ኢንተርኔት ጠፍቶ፣ የማን ልጅ የት እንዳለ ሳይታወቅ። ያን ጊዜ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ ተቀምጬ በር በር አይ ነበር። አልበላም፣ አልተኛም። ቁስሌ የከፋውም ያኔ ነው። አንድ ከሰዓት ተነሣሁና ግቢያችን ውስጥ ያለውን ማንጎ መዞር ጀመርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ትንሹ ልጄ ከኋላዬ ተከተለኝና መቁጠር ጀመረ። አርባ ዙር ሞላን። ማታ እራት በላሁ። ተኛሁም። በማግስቱ «እማዬ፣ ዛሬ ሃምሳ?» አለኝ። እታለም፣ በዚያ ክፉ ጊዜ ከልቤ የሳቅኩት ያን ቀን ነው። አሁን ማንጎው ሥር መንገድ ወጥቶለታል።

ሐዘን የለብኝም አልልሽም። አለብኝ። የጤፉ ዋጋም አለ፣ ደመወዙም ያው ነው። ግን ወሬ የምሰማው በቀን አንዴ፣ ማታ ሳይሆን ከሰዓት ነው። ስልኩን አልጋዬ አጠገብ አላሳድርም። የከፋኝ ቀን ብቻዬን አልውልም፤ ቢያንስ እማሆይ ዘንድ ገብቼ እወጣለሁ። አንቺ ግን እማማን ከቀበርሽ ወዲህ ማኅበርም እንደማትሄጂ ልጅሽ ነገረችኝ። ቀን ምጣድ፣ ማታ ግድግዳ። ይህ ነው ያስፈራኝ፤ ከእግርሽ ይልቅ ይህ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ሂጂ። «እግሬን ይየኝ» በይ፤ ቀሚስሽን ገልጠሽ አሳዪ፣ አትፈሪ። ደሙ እንዴት እንደሚሄድ በአልትራሳውንድ ያዩታል። ካልሲውንም ሳትመረመሪ አትልበሺ። ወደ እግር የሚወርደው ደም ራሱ ያነሰ ሰው ካልሲው ይጎዳዋል፤ መጀመሪያ የእግርሽን ትርታ ዳስሰው ይወቁት። ስኳር ካለብሽም ንገሪያቸው።

ሳምንቱንም የማይጠብቅ ነገር አለ። አንዱ እግርሽ ብቻ ድንገት ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባትሽ ከታመመ፣ በዚያው ሰዓት ሂጂ። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ በሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሺ። ያበጠው ሥር ፈንድቶ ከደማ ደግሞ ጋደም በዪ፣ እግርሽን ወደ ላይ ስቀዪ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፤ ከዚያ ይውሰዱሽ። ይህን ገጽ ለልጅሽም አንብቢላት።

እስከዚያው ምጣዱ አጠገብ ከፍ ያለ ዱካ አስቀምጪ። እንጀራው እስኪበስል ተቀመጪና ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ። ሁለት ሦስት እንጀራ ካወጣሽ በኋላ እስከ በሩ ደርሰሽ ተመለሺ።

ከደብዳቤው ጋር የልብስ ሰፊ ሜትር ልኬልሻለሁ። ሐኪሙ ካልሲውን ከፈቀደልሽ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርጂ ከቁርጭምጭሚትሽ በላይ ቀጭኑን ቦታ ለኪ። ቀጥሎ የባትሽን ወፍራሙን። ሁለቱንም እግር። የጥብቀቱንም መጠን ሐኪሙ ይጻፍልሽ። ቁጥሮቹን ለልጅሽ ንገሪያት፤ እዚህ ካልሲውን እገዛልሽና ይዤልሽ እመጣለሁ። መንገዱ ደኅና ከሆነ ለገና ሞጣ፣ አንቺ ዘንድ ነኝ። መጀመሪያ እማማ መቃብር ትወስጂኛለሽ። በእግራችን እንሄዳለን።

ከነገ ጀምሮ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እደውላለሁ። አንሺልኝ።

እህትሽ