ሜዳዩ ለፎቶግራፍ ሲበቃ ለሕክምና ለምን አነሰ?

ክቡር ኃላፊ፣

ለአባቴ የሕክምና የድጋፍ ደብዳቤ እንዲሰጠን በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባናቸው ማመልከቻዎች መልስ አላገኙም። በስልክም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከማለት ያለፈ አልሰማንም። ስለዚህ በአደባባይ ልጽፍልዎት ተገድጃለሁ። መመሪያውን ከእኔ በላይ ያውቁታልና አንቀጽ አልጠቅስም።

አባቴ በ1969 በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ወደ ምሥራቅ ከዘመቱት ሚሊሺያዎች አንዱ ናቸው። በዚያው ዓመት ነሐሴ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ ጦር ታንክና መድፍ አሰልፎ ድሬዳዋን ሊይዝ ሲመጣ በከተማዋ ዳርቻ ምሽግ ውስጥ ነበሩ። የመትረየሱ ተኳሽ ሲወድቅ መሣሪያውን ተረከቡ። ጭናቸውን ፍንጣሪ ሲመታቸው በጠመንጃ ማንገቻ ጥፍር አድርገው አሰሩና እስኪነጋ ከቦታቸው አልተነሡም። ከተማዋም አልተያዘችም። የጀግና ሜዳይ የተሸለሙት ለዚያ ሌሊት ነው። ሲያወሩት ግን የሚያነሡት ያን የወደቀ ተኳሽ ነው፤ የጎጃም ልጅ ነበር፣ ዋሽንት ይነፋ ነበር ይላሉ።

ባለፈው የካቲት 26 የካራማራ ድል ሲታሰብ መኪና ልካችሁ ወሰዳችኋቸው። ከፊት ወንበር አስቀመጣችኋቸው። እርስዎም እጃቸውን ይዘው ፎቶግራፍ ተነሡ። ያን ቀን «ወረቀቱስ?» ያለ ሰው አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ቁስሉ አመርቅዞ ለሕክምና የድጋፍ ደብዳቤ ፈልገን መጣን። ሠራተኛዎ ሜዳዩን ከመሀረቡ አውጥቶ ገለበጠው፤ ጀርባውን አየና «ስም የለበትም፤ ይህን ማንም ከቀፊራ ገበያ ሊገዛው ይችላል» ብሎ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኛ ገፋው። አባቴ አንድ ቃል አልተናገሩም። አንሥተው መልሰው ጠቀለሉት።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ያለ ጡረታ ከተበተኑት መካከል እሳቸውም ነበሩ። ሲሚንቶ ተሸክመው አሳደጉን እንጂ ያን ሜዳይ ገበያ አላወጡትም። ቀፊራ ያለው ካለ የሌሎች ችግር የሸጠው ነው፤ በዚህ የሚያፍረው ደግሞ ሻጩ አይደለም።

የሜዳዩን የምስክር ወረቀት በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከዕቃችን ጋር ወሰደው። ያ የሌሊት ጎርፍ ስንት ቤት እንዳፈረሰ፣ ስንት ሰው እንደወሰደ ለድሬዳዋ ሰው አይነገርም። ሜዳዩ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ ተረፈ። አብረዋቸው የተዋጉ ሁለት ሽማግሌዎች ሊመሰክሩ ቢመጡ «እነሱስ በምን ይረጋገጣሉ?» ተባለ። ራጅም አሳየን፤ ብረቱ አጥንታቸው ሥር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማኅተም ስለሌለው ይሆናል፣ እሱም አልጠቀመም።

ማኅደራቸውን እንዲያፈላልግ ለመከላከያ ሚኒስቴር አንድ ደብዳቤ መጻፍ ለጽሕፈት ቤትዎ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ የሚሠራው ሥራ አይደለም።

ይህን ማድረግ ካልተቻለ ግን የአባቴን ፎቶግራፍ ከመግቢያችሁ ሰሌዳ አውርዱልን። ከሥሩ «የድሬዳዋ ባለውለታ» የሚል ጽሑፍ አለው። ማስረጃ ያላቀረበን ሰው እንዲህ ብሎ መለጠፍ ነገ ኦዲተር ሲመጣ እርስዎን ያስጠይቅዎታል።

የዘማቹ ልጅ፣ ከድሬዳዋ