ለአባቴ፦ ስለ መጋዙ ቤንዚን

ውድ አባዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ትከሻዎስ ተሻለዎት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ልጆቹም ሰላም ይሉዎታል።

ስለ ሞተር መጋዙ ነዳጅ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱን በስልክ ከመናገር ጽፌ መላኩን መርጫለሁ። ልክና ተራ ያለው ነገር በጆሮ ብቻ ሲሰማ ይረሳል፤ ወረቀቱን ግን መጋዙ አጠገብ ሊሰቅሉት ይችላሉ።

ኢታኖል (ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀል አልኮል) ያለበት ቤንዚን መጋዝ ያበላሻል ወይ ነበር ያሉኝ። ተቀላቅሎ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚያልቅ ከሆነ እምብዛም አያበላሽም። ጉዳቱ የሚመጣው ነዳጁ ሲቀመጥ ነው። በየቀኑ እንጨት የሚቆርጥ ሰው መጋዙ በደንብ እስከተስተካከለ ድረስ ኢ10 (10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን) እየሞላ ዓመታት ሊሠራ ይችላል። የእርስዎ መጋዝ ግን አንድ ቀን ሠርቶ ወራት ያርፋል። ስለዚህ እርስዎ ከኢታኖል ነጻ የሆነውን እንዲጠቀሙ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ምክንያቱ በዋናነት ውሃ ነው። ኢታኖል ውሃን ይስባል፤ ክዳኑ ባልጠበቀ ወይም ግማሹ ባዶ በሆነ ጀሪካን ውስጥ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ኢ10 ወደ 5 ሚሊ ሊትር የሚጠጋ ውሃ አሟሙቶ መያዝ ይችላል። እስከዚያ ድረስ ችግር የለም፤ እንዲያውም ጥቂት ውሃ ከነዳጁ ጋር አብሮ ገብቶ መውጣቱ ጥቅም አለው። ልኩ ሲያልፍ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ነዳጁ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውሃ የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ቀን ጥርት ብሎ የታየው ሌሊት ሊለያይ ይችላል። ያን ጊዜ ኢታኖሉ ከውሃው ጋር ተያይዞ ታች ይወርዳል፤ ቤንዚኑና ዘይቱ ላይ ይቀራሉ። የነዳጁ ፊልትሮ የሚተኛው ደግሞ ታንኩ ወለል ላይ ነው። ስለዚህ ሞተሩ መጀመሪያ የሚስበው ዘይት የሌለበትን ውሃና አልኮል ይሆናል። እንደ መጋዝዎ ያለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሌላ ማለስለሻ የለውም፤ ፒስተኑም ኩሽኔታውም የሚለሰልሱት ከነዳጁ ጋር በሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ጨርሶ አይነሳም፣ ያም ዕድል ነው። ከተነሳ ግን ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ጥገናው ከመጋዙ ዋጋ ጋር ይፎካከራል። ላይ የቀረውም ቤንዚን ጤነኛ አይደለም፤ ኦክቴኑን (ያለጊዜው እንዳይነድ የሚያደርገውን ልክ) ከፍ አድርጎ የያዘለት ኢታኖል ተለይቶት ወርዷል። እንዲህ የተለያየ ነዳጅ ቢንጡት አይመለስም፤ የነዳጅ ማቆያ ኬሚካል ቢጨምሩበትም አይድንም።

ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ከጀሪካኑ ጥቂት በንጹሕ የመስታወት ብርጭቆ ይቅዱና ብርሃን ላይ ይያዙት። የባለ ሁለት ምት ዘይት አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ስላለው ጤነኛው ድብልቅ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀለም ይኖረዋል። ከታች ቀለም የሌለው ሽፋን ካዩ፣ ወይም ነዳጁ ከደፈረሰ፣ መጋዙ ውስጥ እንዳይገባ። መሬት ላይም አይድፉት፤ ያገለገለ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ይቀበልዎታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል በክብደት 14.7 እጥፍ አየር ይፈልጋል፤ ኢታኖል 9 እጥፍ ይበቃዋል። ኢ10 ሲሆን ልኩ ወደ 14.1 ይወርዳል። አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም፤ ለንጹሕ ቤንዚን እንደተስተካከለ ያንኑ ያህል ነዳጅ ያሳልፋል። ውጤቱ አየሩ ይበዛል፣ ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አዲስ መጋዝ ይችለዋል። ካርቡሬተሩ በከፊል የተደፈነ፣ ወይም ቱቦው አየር የሚስብ አሮጌ መጋዝ ላይ ሲደመር ግን ፒስተን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። የመጋዝ አምራቾቹ ስቲልና ሁስክቫርና ካርቡሬተራቸው በእጅ ለሚስተካከል መጋዞች በመመሪያቸው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል የሚፈቅዱት፣ ኢ15 እና ኢ85ን ግን የሚከለክሉት በከፊል በዚህ የተነሳ ነው። ኤም-ትሮኒክ ወይም አውቶቱን የሚባሉት መጋዞች ልኩን ራሳቸው ያስተካክላሉ። የእርስዎ ግን በካቻቪቴ የሚስተካከል ነው። ነዳጅ ከቀየሩ በኋላ ሞተሩ ሳይጭኑት ሙሉ ጋዝ ሲሰጡት ድምፁ ሹል ሆኖ ከጮኸ፣ ወይም ጋዙን ሲለቁ ወደ ሚኒሞው (ዝቅተኛ ዙሩ) ለመመለስ ከዘገየ፣ ወዲያው ያጥፉት። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ያጽዱ። ቀጥሎ ኤች (H) የሚል ምልክት ያለበትን ብሎን ወደ ግራ የአንድ ዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ይፍቱ፤ ይህም ነዳጁን ይጨምራል። ካንዴላውን አውጥተው ሲያዩት ቡናማ ከሆነ ልኩ ደህና ነው፤ ነጭ ከሆነ ነዳጁ አንሷል፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ በዝቷል።

አንዳንድ ሰው ኢ10 ሲጠቀም ለጥንቃቄ ብሎ ዘይት ይጨምራል። እባክዎን ይህን አያድርጉ። የጨመሩት ዘይት የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ ሞተሩ የሚያገኘው ቤንዚን ይብሱን ያንሳል፣ ጭስ ማውጫውም በጥላሸት ይደፈናል። ኢታኖል ኖረም አልኖረ የዘይቱ ልክ አይለወጥም። 50 ለ 1 ማለት ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። በሲሪንጅ ወይም በመለኪያ ብልቃጥ ይለኩት እንጂ በግምት አይሁን። ጠርሙሱ ላይ ጄኤኤስኦ ኤፍዲ (JASO FD) የሚል የዘይት ደረጃ ይፈልጉ። ቲሲ-ደብልዩ3 (TC-W3) የሚለው በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራ ስለሆነ ለመጋዝ አይበቃም። ሲቀላቅሉ ግማሹን ቤንዚን ያስቀድሙ፣ ዘይቱን በሙሉ ይጨምሩ፣ ያናውጡት፣ ከዚያ የቀረውን ቤንዚን ይሙሉ። በአንድ ጊዜ ከ1 ሊትር በላይ አይቀላቅሉ፤ ለእርስዎ ሥራ ይበቃል፣ የቀላቀሉበትንም ቀን ጀሪካኑ ላይ ይጻፉበት።

ሦስተኛው ጎማው ነው። የነዳጅ ቱቦዎቹ፣ በእጅ የሚጫኑት የነዳጅ መሳቢያ እንክብል፣ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው ስስ ዲያፍራም፣ ሁሉም ኢታኖል ሲነካቸው ያብጣሉ፤ ሲደርቁ ደግሞ ይጠነክራሉ፣ ይሰነጠቃሉ። በተለይ ለኢታኖል ታስቦ ያልተሠራ የድሮ ጎማ ቶሎ ይጎዳል። ዲያፍራሟ ከደረቀች ነዳጅ የሚያሳልፈውን መርፌ በበቂ ስለማታነሳ ነዳጅ ያንሳል፤ መጋዙ በቾክ (አየሩን በሚዘጋው ማስነሻ) ብቻ ይነሳል፣ ቾኩን ሲመልሱት ይጠፋል። ይህን ምልክት ሲያዩ ገመዱን ደጋግመው አይሳቡ፤ ትከሻዎን ይጎዳሉ እንጂ መጋዙ አይነሳም። ቱቦውን በጠመዝማዛ ሽቦ ከታንኩ ስበው አውጥተው አጥፈው ይመልከቱት። ከተሰነጠቀ ወይም ጣት ላይ የሚጣበቅ ከሆነ ይቀየር። ፊልትሮው በዓመት አንድ ጊዜ ይለወጥ።

የገዙት ቤንዚን ኢታኖል እንዳለበት ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ውድ ቤንዚን ሁሉ ከኢታኖል ነጻ ስላልሆነ በዋጋው አይገምቱ። ደጅ፣ ከእሳት ርቀው፣ መለኪያ መስመር ባለው ቀጥ ያለ መስታወት 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ያድርጉ። በላዩ ዘይት ያልገባበት ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ፣ ክዳኑን ዘግተው ያናውጡ፣ ክዳኑን ላላ አድርገው የታመቀውን ጋዝ ያስተንፍሱና 15 ደቂቃ ያቆዩት። የታችኛው ሽፋን 10 ላይ ከቀረ ኢታኖል የለም፤ ወደ 20 ከተጠጋ ኢ10 ነው። በዚህ መንገድ ኢታኖሉን አጥቦ ቀሪውን ቤንዚን ለመጋዝ መጠቀም የሚመክሩ አሉ። እኔ አልቀበለውም፤ ኦክቴኑ ይወርዳል፣ ውሃም ይተርፋል። የለኩበት ቤንዚን ወደ መጋዙ አይመለስ።

ለእርስዎ ከሁሉ የምመርጠው በታሸገ ቆርቆሮ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ የሚሸጠውን አልኪሌት ቤንዚን ነው፤ ስቲል ሞቶሚክስ፣ አስፐን 2፣ ሁስክቫርና ኤክስፒ ፓወር የመሳሰሉትን። ኢታኖል የለበትም፣ በእንግሊዝኛ benzene የሚባለው ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገርም የለበትም ማለት ይቻላል። ከከፈቱትም በኋላ በደንብ ከተዘጋ ለዓመታት ይቆያል። ዋጋው ከማደያው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እርስዎ በዓመት የሚያነዱት ጥቂት ሊትር ስለሆነ ግን የአንድ ካርቡሬተር ጥገና ይሸፍነዋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ በተራ ቤንዚን ለዓመታት ያበጠ የድሮ ጎማ አልኪሌት ሲገባበት ሊሸበሸብና ሊያፈስ ስለሚችል፣ ከቀየሩ በኋላ ባሉት ቀናት ታንኩንና ካርቡሬተሩን ለፍሳሽ ይመልከቷቸው።

ከማደያ የሚቀዳ ኢታኖል አልባ ቤንዚን ብቻ ካገኙ እሱም መልካም ነው። ግን ዘላለም አይቆይም፤ ቀላሉ ክፍል ይተናል፣ የቀረው ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይሠራል። አምራቾቹ ድብልቅን ከአንድ ወር በላይ አታቆዩ የሚሉት ኢታኖልን ብቻ አስበው አይደለም።

መጋዙን ከአንድ ወር በላይ የሚያስቀምጡት ከሆነ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ታንኩን ደጅ ወስደው ባዶ ያድርጉት። ካለዎት ትንሽ አልኪሌት ጨምረው 5 ደቂቃ ያስነሱት፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የሚቀረው ንጹሕ ነዳጅ ይሁን። ከዚያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ያንንም ያፍስሱና አስነስተው ራሱ እስኪጠፋ በሚኒሞ ይተዉት።

አሁን የተቀመጠውን ነዳጅ በብርጭቆ ሳያዩ መጋዙን እንዳያስነሱ። የካርቡሬተሩ ጎን ላይ ዋልብሮ ወይም ዛማ ከሚለው ስም አጠገብ የተቀረጸ ፊደልና ቁጥር አለ፤ እሱን አንብበው ይላኩልኝ። ትክክለኛዋን ዲያፍራም ከነጓርኒሲዮኗ፣ ከአዲስ ቱቦና ፊልትሮ ጋር ገዝቼ እልክልዎታለሁ።

ወዳጅ ልጅዎ