የጌምና የድርሰት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ልጆቹን ጌም ያጫውታሉ» የሚለው ወሬ ዘንድሮም አልቀረልንም። ስለዚህ የሠራነውን በግልጽ ልጻፍ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዘን ነው የከረምነው። ትልቅ ታሪክ ተጀምሮ ለምን ሳያልቅ ይቀራል? ለዚህ የመረጥነው «ሼንሙ» የተባለውን የጃፓን ጌም ነው።

ዮኮሱካ በምትባል ከተማ የሚኖር ሪዮ ሃዙኪ የተባለ ወጣት ዓይኑ እያየ አባቱ ይገደልበታል። ገዳዩ ላን ዲ ይባላል። ሪዮም ደም ሊመልስ ይነሳል። የጌሙን ሥራ የመራው ዩ ሱዙኪ ነው። ከተማዋን ነፍስ ዘርቶባታል። ሱቆቿ በሰዓታቸው ይከፈታሉ፣ በሰዓታቸው ይዘጋሉ። መንገድ ላይ የምታገኘው ሰው የራሱ ውሎ አለው። ይሄ ሁሉ ግን ገንዘብ በላ። ሱዙኪ ራሱ ወጪው 47 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር በኋላ ተናግሯል።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሁለተኛው በ2001 ወጣ። በዚያው በ2001 የጌሙ ባለቤት የሆነው ሴጋ የተባለ ኩባንያ፣ ጌሙ የተሠራለትን ድሪምካስት የተባለ ማጫወቻውን ማምረት አቆመ። ታሪኩ መሀል መንገድ ላይ ቀረ። በ2015 የጌሙ ወዳጆች ኪክስታርተር በተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ለሦስተኛው ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። የመውጫው ቀን ግን ደጋግሞ ተገፋ። ሦስተኛው በ2019 ሲደርስ ሪዮ በመጨረሻ ከላን ዲ ጋር ገጠመና ተሸነፈ። ደሙ እስካሁን አልተመለሰም።

መጨረሻውን ልጆቹ ራሳቸው እንዲጽፉት አደረግን። ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ፍልሚያው ጻፉ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ስለ ኢኔ ጻፈች። ኢኔ ሪዮ ወደ ሆንግ ኮንግ ሲሄድ ቤት የቀሩት አሮጊት ናቸው። በእሷ ድርሰት ማታ ማታ የሪዮን እራት ለይተው ያስቀምጣሉ። የማይመጣ መሆኑን እያወቁ ነው። በወላጆች ቀን ስታነበው አዳራሹ ጸጥ አለ። ጌም ይቅር ብለው ሊከራከሩን የመጡ አንዲት እናት ከፊት ተቀምጠው ነበር። ንባቡ ሲያልቅ ተነስተው «ታዲያ ልጁ ተመለሰ ወይስ ቀረ?» አሉ። ልጅቷ «እማማ፣ ገና አልተጻፈም» ብላ መለሰችላቸው። በማስተማር ዘመኔ እንዲህ የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ሳምንታዊ ስብሰባችን ሳይቋረጥ ተካሂዷል። የአባላት ቁጥርም ጨምሯል።

የራሳችንን ትንሽ ጌም ጀምረን አልጨረስንም። መብራት በጠፋ ቁጥር የተሠራው አብሮ ይጠፋል። «ሼንሙ»ንም ቢሆን ተጫውተነው ሳይሆን የተቀረጸ ቪዲዮ እያየን ነው ያጠናነው። ያሉን ኮምፒዩተሮች ጌሙን አይችሉትም። ለኳስ ቡድናችን አዲስ ማልያ ሲገዛ ደስ ብሎናል። የእኛ የኮምፒዩተር ጥያቄ ግን ዓመት አልፎትም መልስ አላገኘም።

የምንፈልገው ደህና የሚሠራ አንድ ኮምፒዩተርና መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ ነው። ያገለገለም ይሁን እንቀበላለን። መርዳት የምትፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለው ክፍል ታገኙናላችሁ።